አምስት አምስት ደቂቃ ለእኔና ለባሌ

ፈረንሳዮች በየአምስት ዓመቱ ፕሬዝዳንት ሊመርጡ ሲሉ ጅቡቲ ላይ የምንደክመው እኛ ነን። እነሱ አንድ ምሽት ክርክሩን ተመልክተው፣ እሑድ ድምፃቸውን ሰጥተው ይገላገላሉ። እኛ ድምፅ የለን፣ ፓስፖርት የለን፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ መሃል፣ ወደብ በር ላይ ማን ማንን እንደረታ ስንጨቃጨቅ እንሰነብታለን። ለነገሩ ያን ጊዜ እኔን የሰለቸኝ የፈረንሳዮቹ ነገር ብቻ አልነበረም። የማወራው የዛሬ አሥር ዓመት ግድም፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ለመጨረሻው ዙር ቀርበው በቴሌቪዥን ስለተከራከሩበት ዓመት ነው።

ያኔ የምንኖረው ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ነበር። ባሌ ከድሬዳዋ ሽንኩርትና ድንች እያስመጣ ያከፋፍላል፤ እኔ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ እኔ መውጣት ባለብኝ ጠባብ ሱቅ፣ ድሪያ የሚባለውን ስስ የሴቶች ቀሚስና ሻሽ እሸጣለሁ። ሁለታችንም የድሬ ልጆች ነን። ወንዱ ልጃችንም ሴቷም አድገው ከቤት ወጥተዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ባሌ አንድ ቀን እጁን አላነሳብኝም፣ ሌላ ሴት ጋ ሄደ ሲባል አልሰማሁም፣ አስቤዛ አጉድሎብኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ባል ይዞ ደከመኝ ማለት ነውር ነው። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። ምን ጎደለሽ ብባል መልስ ስለሌለኝ፣ ማንም እንዳይጠይቀኝ ጧት ፊቴን ታጥቤ ሱቄን እከፍት ነበር።

ድካሜን አስረዳ ብባል ቀኑን ነው የማስረዳው። ጅቡቲ ውስጥ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጫቱ ከድሬዳዋ ይገባል፤ ከተማውም በእጁ የያዘውን ይጥላል። ባሌም እንደዚያው ነው። ከሱቅ ሮጬ መጥቼ በዚያ ሙቀት የሠራሁትን ሩዝና ሥጋ ሦስት ጊዜ ጎርሶ እጁን ይታጠባል፤ ሐሳቡ ጫቱ ላይ ነው። ከዚያ ጓደኞቹ ይመጣሉ። በመንገድ በኩል ያለው ክፍላችን መብረዝ ነበር፤ ዙሪያውን ፍራሽና መደገፊያ የተደረደረበት፣ ወንዶቹ ከሰዓት በኋላውን ሲቅሙ የሚውሉበት ክፍል። እዚያ ውስጥ ባሌን የሚያህል ተጫዋች የለም። ሳቁ ኩሽና ድረስ ይሰማኛል። አመሻሹን ሱቅ ቆይቼ ማታ ስመለስ ግን ምርቃናው ወርዶ፣ ቃል የማይወጣው ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ማለዳም ያው ነው። ጨዋታው ለእነሱ ነው፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ገረባው፣ የጫቱ ውዳቂ ነው። ገረባውንም የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

ከመብረዙ ሰዎች ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቅ። አንዱ ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው፣ ከሐረር የመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቅመም ነጋዴ ናቸው። የሰው ጠብ የሚያበርዱት እሳቸው ናቸው። በምርቃና የተወራ ነገር ማለዳ እንደማይገኝ ማንም ያውቃል፤ በዚያች ክፍል ስንት ፎቅ ተሠርቷል፣ ስንት መርከብ ተገዝቷል! ሀጂ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ፣ የቁርዓኑን መክፈቻ፣ ካስቀሩበት ግን ያ ነገር አለቀ ማለት ነው፤ በማግስቱ ተሳስቻለሁ የሚል የለም። ሌላው ወደብ ላይ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነው። ፈረንሳይኛ ከሁሉም በላይ ይችላል፤ ምላሱ ደግሞ ከፈረንሳይኛውም ይበልጣል።

በዚያ ዓመት መብረዙ ውስጥ ከፈረንሳዮቹ በፊት የቆየ ሌላ ክርክር ነበር፤ የእናቴ ነገር። እናቴ ድሬዳዋ ውስጥ፣ አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ባቆማት ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። መጋቢት ላይ ግቢዋ ውስጥ ወድቃ እግሯን ታመመች። ወንድሞቼ አንዱ ጅዳ፣ አንዱ ካናዳ ናቸው፤ ይደውላሉ እንጂ ውሃ አያቀብሏትም። ባሌ እዚህ እናምጣት አለ። እኔ ደግሞ እዚያው ወጥቼ ልኑር አልኩ። እንደ ሌላው ሴት በክረምት ሙቀቱን ሸሽቼ ሁለት ወር ከርሜ መመለስ አልነበረም የፈለግሁት፤ ሱቁን ለቅቄ፣ ጓዜን ጠቅልዬ መሄድ ነበር። ገና ሁለት ቃል ስናገር ባሌ «እሺ፣ እናየዋለን» ብሎ ይነሳል። እናየዋለን ማለት በእኛ ቤት አይሆንም ማለት ነው። ከዚያ እኔ ያልጨረስኩትን ነገር መብረዝ ወስዶ በራሱ አፍ ይጨርሰዋል። በሩ ላይ ሻይ ይዤ ቆሜ እሰማዋለሁ።

የፈረንሳዮቹ ክርክር የተላለፈው ረቡዕ ምሽት ነበር፤ በዚያ ሰዓት እኛ ቤት ይተኛል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ደገመው። በማግስቱ ዓርብ ስለሆነ ሐሙስ መብረዙ ጢም የሚልበት ቀን ነው። ሻይ ይዤ ስገባ ስምንት ዘጠኝ ወንዶች ጉንጫቸውን በጫት ወጥረው ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠዋል። አብዛኞቹ ለገበያ የሚበቃ ፈረንሳይኛ አላቸው፤ እንዲህ የሚሮጠውን ግን አይከተሉትም። የሚተረጉምላቸው ትራንዚተሩ ነበር። ሴትዮዋ አንድ ነገር ትናገራለች፣ እሱ አምስት ይጨምርበታል። ስለ ጡረታ ሲወራ እሱ ስለ ወደብ ቀረጥ ጀመረ። ሀጂ ጆሯቸውን አዘንብለው ጥቂት ሰሙትና፣

«ይህን ሁሉ እሷ ናት ያለችው?» አሉት።

«ሐሳቧ ይኸው ነው፣ ሀጂ።»

«ያንተን ሐሳብማ እናውቀዋለን፤ የፈለግነው የእሷን ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ነይ ተቀመጪ። አንቺ ከራስሽ አትጨምሪም።»

ፈረንሳይኛውን የተማርኩት ድሬዳዋ ነው፤ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ስለነበርን አባታችን ፈረንሳዮቹ ጋ አስተምሮናል። ሰፌድ የሚያህለውን የሻይ ትሪ በሩ ሥር አስቀምጬ፣ ከወንዶቹ ፈንጠር ብዬ ተቀመጥኩ። በራሴ ቤት እዚያ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚተረጎም ብዙ ነገር አልነበረም። ጡረታ፣ ግብር፣ የሥራ ሰዓት፤ አንዱ ያመጣውን ቁጥር ሌላው ያጣጥላል፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር እያገላበጠ ፊቴ ላይ ይደፋብኛል። እንቅልፌ መጣ። «አሁን ደግሞ ስለ ሆስፒታል ነው» እላለሁ። «ምን አለ?» ይሉኛል። «ይሻሻላል አለ» እላለሁ። «እሷስ?» «እሷም ይሻሻላል አለች።»

በመጨረሻ የሀጂን ዓይን ከንግግሩ ይልቅ ሌላ ነገር ሳበው። «እዚያ ታች የሚሮጠው ቁጥር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የተናገሩበት ጊዜ ነው» አልኳቸው። «ይሄ የእሷ ነው፣ ያ የእሱ። አንዱ ከሌላው አብልጦ እንዳይናገር ይቆጥሩላቸዋል። የጎደለበት ካለ መጨረሻ ላይ ይሞላለታል።»

ይህ ነገር ከክርክሩ ይበልጥ ጣማቸው። ከጥግ አንዱ «ለሴትም?» አለ። «ለሴትም» አልኩት። ትራንዚተሩ ጭኑን መታ አደረገና፣ «አቦ፣ ይህን ነገር ብቻ እኛ ቤት አያስገቡት! የእኔዋ ድርሻዋን የሱብሒ አዛን ሳይሰማ ጨርሳ ወደ እኔው ድርሻ ነው የምትሻገረው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባሌም ሳቀ፤ ያን ኩሽና ድረስ የሚሰማኝን ሳቅ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ሳቁን እዚያው ከፊቱ ተቀምጬ ሳየው ደሜ ፈላ። እንዲህ መሳቅ የሚችል ሰው ለምንድን ነው ለእኔ የማይስቀው አልኩ በሆዴ። ከዚያ አፌ ቀደመኝ።

«ሀጂ፣ እንግዲያው ለእኔም ይቆጠርልኝ። የእናቴን ነገር ዛሬ እርስዎ ፊት እንጨርሰው። ለእሱም ለእኔም እኩል።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሀጂ ግን ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «ሁለቱን ወገን ሳትሰማ አትፍረድ ነው የተባልነው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ወር ሙሉ የሰማነው አንዱን ብቻ ነው» አሉ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘጋ። ትራንዚተሩ ሞባይሉን አውጥቶ ሰዓት ሞላ፤ አምስት ደቂቃ ለእኔ፣ አምስት ደቂቃ ለባሌ። እንደ ጨዋታ ነው የያዙት። ለእኔ ግን ጨዋታ አልነበረም፤ ከዚያች ክፍል የሚወጣው ቃል ድሬ የምሄድበት ወይም ጅቡቲ የምቀርበት ነበር።

እኔ ቀደምኩ። በሰኔና በሐምሌ ኻምሲኑ፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ ሲነፍስ ወጣቱ የሚሸሸውን ከተማ፣ ወደ ሰማንያ የተጠጋች ሴት እንዴት ትችለዋለች አልኩ። መብራት ሲጠፋ ማን ያራግባታል? እዚያ በእጇ የተከለችው ሎሚ አለ፤ ጧት ጧት ደጇን የሚያንኳኩ ጎረቤቶች አሉ፤ ስትታመም ስሟን ጠርቶ ዱአ የሚያደርግላት ሰው አለ። እዚህ ማን ያውቃታል? ወንድሞቼን ከሰስኩ። የወለደችው ሦስት ሆኖ አንድ እንኳ አጠገቧ ከሌለ መውለድ ምን ያደርጋል አልኩ። ባሌ መሃል ላይ «ግን እኮ» ብሎ ሲጀምር ትራንዚተሩ «የእሷ ሰዓት ነው!» ብሎ ጮኸበት። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ፊት አምስት ደቂቃ ሳልቋረጥ ተናግሬ አላውቅም ነበር። መናገር እንደምችልም አላውቅም ነበር። ሽማግሌው እየሰሙኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ሙቀቱም እውነት፣ ሎሚውም እውነት። ጥቂት ጊዜ ተርፎኝ ሳለ አበቃሁ።

«የቀረሽ አለ?» አሉኝ ሀጂ።

የቀረኝ ነበር። «የለኝም» አልኩ።

ባሌ ሲጀምር ስለ ወጪ ተናገረ። ሁለት ቤት ማስተዳደር ከባድ ነው አለ። ሱቁስ ለማን ይተዋል አለ። ሐኪም እዚህ ይሻላል አለ። መብረዝ ውስጥ የሚታወቅበት ለዛ የት እንደገባ እንጃ፤ የጧቱ ሰው መጥቶ የተቀመጠ ይመስል ቃላቱ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ይወጣሉ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ቆመ። «ገና ጊዜ አለህ፣ ቀጥል» አለው ትራንዚተሩ። ባሌ አንዲት የጫት ቅጠል በጣቶቹ ሲያሻሽ ቆየ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣

«ትሂድ ካላችሁ ትሂድ» አለ። «ግን ከሄደች አትመለስም።»

ወንዶቹ ሳቁ። የቀልዱን መስሏቸው ነው። «አቦ፣ ሴትዮዋ እናቷን ልታስታምም ነው እንጂ አውስትራሊያ ልትገባ ነው እንዴ!» አለ አንዱ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔም ከዚያ በኋላ ወደ እሱ በኩል ላለማየት ተጠነቀቅሁ።

ሀጂ «ተሰምቷል» አሉ። «እናት ናት። ትሂድ።» እጃቸውን ዘረጉ፣ ፋቲሃ ተቀራ። አሚን አልን፤ ባሌም አሚን አለ። ሁለቱ ፈረንሳዮች ድምፃቸው ጠፍቶ ገና እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ምን እንደሚሉ የጠየቀኝ የለም። ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ኩሽና ገባሁና ግድግዳውን ተደግፌ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀሎኝ ነበር። የትኛውን ልብስ እንደምወስድ፣ የትኛውን ለሰው እንደምሰጥ፣ የሱቁን ቁልፍ ለማን እንደማስረክብ ማታውን ተኝቼ በሐሳቤ ሳዘጋጅ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከአተነፋፈሱ አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።

ዓርብ ጧት ባሌ ሽንኩርት ሊያስወርድ እንደወጣ እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«እማ፣ ልመጣ ነው። ጠቅልዬ ነው የምመጣው።»

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። አንቺን ላስታምም ነዋ። ሀጂ ፈርደውልኛል፣ ፋቲሃ ተቀርቶበት አልቋል።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፈረንሳዮቹ ሰዓት፣ ስለ አምስት ደቂቃዬ፣ ባሌ «ግን እኮ» ብሎ እንዴት እንደተቀጣ። እየኮራሁ ነበር የምነግራት።

«የተከራከራችሁት ስለ ማን ነው?» አለች ስጨርስ።

«ስለ አንቺ ነዋ!»

«እኔን የጠየቀኝ አለ?»

እውነቷን ነው። እሱ እናምጣት ሲል፣ እኔ ልሂድ ስል፣ ዘጠኝ ወንዶች ቁጭ ብለው ሲሰሙ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ የነገሩ ባለቤት እሷ ምን ትላለች ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁለታችንም በየሳምንቱ ደውለን እንዴት አደርሽ ብለናታል። ምን ትፈልጊያለሽ አላልናትም።

«እግሬ ተሽሎታል፤ በምርኩዝ እሄዳለሁ» አለች። «የጓሮውን ክፍል ለአንዲት የነርስ ተማሪ ሰጥቻታለሁ፣ ማታ ማታ አብራኝ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ጨው ታበዛለች እንጂ።»

«ግን እማ...»

«ቆይ ልጨርስ። ክረምት በመጣ ቁጥር አይሻለሁ። መመለሻሽ ሲቃረብ ፊትሽ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ አይታ ዝም አለች እንጂ አላየችም አትበይ። ደክሞሽ ከሆነ ደክሞኛል ብለሽ ነይ። ቤቱ ቤትሽ ነው፣ ለምን መጣሽ አልልሽም። በእኔ እግር አሳበሽ ግን አትምጪ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ልታስታምመኝ መጥታ ነው እያልኩ በእርጅናዬ አልዋሽልሽም። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ለምን እንደተሄደበት ይወቅ።»

ደህና ዋይ ሳትለኝ ዘጋችው። አፈርኩ። ደግሞም ተናደድኩ፤ በልጅነቴ ኪሴ ውስጥ እጇን ከትታ የደበቅሁትን ስታወጣ እንደምናደደው። ድስቱን ጥጄ እያማሰልኩ ቃሉን ሞከርኩት። «ደክሞኛል።» አንድ ቃል ነው። ደግሜ አልኩት። ሽንኩርቱና እኔ ብቻ ስንሆን ከአፌ ለመውጣት አላስቸገረም።

ባሌ ከጁምዓ መጥቶ ለምሳ ተቀመጠ። ያን ቀን አልተጣደፈም። ረጋ ብሎ ጎረሰ፤ ሥጋውንም ከአጥንቱ ለይቶ በላ። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ውጭ የጫት ሻጮቹ ጫጫታ ተሰማ፤ እሱ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«እማ አልፈለገችም። ተሽሎኛል አለች።»

እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ።

«አልሄድም የምትይው እናትሽ ስላልፈለጉ ነው?»

«አዎ።»

«አንቺስ?»

በሃያ ሁለት ዓመታችን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ያን ቀን ነው። ዓይኑን አላሸሸም፤ ቀይ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነበር። የፈለግሁትን ብነግረው አይጮህም፣ አይማታም፣ እንዲያውም ሻንጣዬን ተሸክሞ ጣቢያ ድረስ ይሸኘኛል። የከበደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ እናገረው ነበር።

«እኔማ ለእሷ ብዬ ነበር» አልኩት።

አላመነኝም። እኔም እንዲያምነኝ አልለፋሁም። «እሺ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ተነሳ፤ እኔ የሻይ ውሃ ጣድኩና ዛሬ ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቅሁት።

እማ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ነገሩን ዳግመኛ አንስታብኝ አታውቅም። ክረምት መጥቶ ስሄድ ግን በሩን ከፍታ፣ ገና ሳትስመኝ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ከኋላዬ ስንት ሻንጣ እንዳለ ታይ ነበር። ሁልጊዜም አንድ ነበር።